ደላላ ሲመርጡ ካርታ አይጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊገዙ ቆርጠዋል ሲባል ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለዎት! ብሩ ካለ ቤት አይታጣም፤ ጥበቡ ደላላ መምረጡ ላይ ነው። ከተማችን ይህን ጥበብ ስንት ዘመን ስታጠራው ኖራለች፤ ኮሚሽን የማይጠየቅበት ምክር ይኸው።

በመጀመሪያ፣ ንግድ ፈቃድ አለኝ የሚል ደላላ ከገጠመዎት ይሽሹት። ፈቃድ ያለው ሰው ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ሲፈለግ የሚገኝበት አድራሻ አለው። እንዲህ ዓይነቱ ምን ተብሎ ይታመናል? የሚታመነው ካፌ በረንዳ ላይ ሁለት ስልክ ደርድሮ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣ ስምዎን ሳይጠይቅ «ጋሼ» ያለዎት ነው። አገሩን ይጠይቁት። የአገርዎ ልጅ ሆኖ ከተገኘ ማጣራቱ አበቃ። አጎትዎን ያውቃቸው እንደሆነም ይሞክሩት፤ ያውቃቸዋል። የሌለ አጎት ቢጠሩለትም ያውቃቸዋል።

«ባለቤቱ በእጄ ነው» ይልዎታል። እጁ ባዶ እንዳልሆነ እኔም እመሰክራለሁ፤ የሌላ ደላላ ስልክ ቁጥር ይዟል። ያኛው የሰፈሩን ደላላ ያውቃል፣ የሰፈሩ ደላላ ዘበኛውን ያውቃል፣ ባለቤቱን የሚያውቀው ዘበኛው ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ አምስት ሰው ተሰልፎ ቢቀበልዎት አይደንግጡ። ሁሉም ለእርስዎ ተጨንቆ የመጣ ነው፤ የጭንቀቱም ዋጋ ቤቱ ላይ ተጨምሯል።

ሲኤምሲ ብለው የተሳፈሩበት መኪና አያትን አልፎ ወደ ጣፎ ሲያዘነብል ዝም ብለው መስኮቱን ይመልከቱ። «ከዋናው አስፋልት 5 ደቂቃ ነው» ሲባሉም በእግር ይሁን በሄሊኮፕተር ብለው አያስቸግሩ። ሻጩ ለምን እንደሚሸጥ ከጠየቁ መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው። ቪዛው ወጥቷል፣ ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ተቸኩሏል። በደላሎቻችን ስሌት ካናዳ ይሄኔ አዲስ አበቤ በአዲስ አበቤ ሆና መተንፈሻ አጥታ ነበር።

አንዳንድ ክፉ ሰው ደላላው የሚሠራው ለማን ነው ይላል። ለሁለታችሁም ነዋ! እንደ ልማዱ ከሻጭ 2 ፐርሰንት፣ ከገዢ 2 ፐርሰንት። ቤቱ 20 ሚሊዮን ብር ከሆነ ከእያንዳንዳችሁ 400 ሺህ ብር ይደርሰዋል። ተከራክሮ 2 ሚሊዮን ብር ቢያስቀንስልዎት እርስዎ 2 ሚሊዮን ያተርፋሉ፣ እሱ 80 ሺህ ይከስራል። እንዲያም ሆኖ «ለእኔ ይተዉልኝ፣ አስቀንስልዎታለሁ» ሲል ጽድቁን ያድንቁለት እንጂ ስሌት ውስጥ አይግቡ።

ማታ ይደወላል። ሌላ ገዢ ጥሬ ብር ይዞ መጥቷል፤ ቀብድ አሁኑኑ ካልገባ ቤቱ ማለቁ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ግሩም ሕግ ነው። እርስዎ ግን ገንዘቡን ለሻጩ በፊርማ ሳይሆን ለደላላው በቴሌብር ልከዋል፤ እጥፉን የሚመልሰው ማን እንደሆነ ሕግ አውጪው በጊዜው አላሰበበትም።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። «ካርታው ንጹሕ ነው» ተብለዋል፤ ፎቶ ኮፒውንም አይተዋል። ክፍለ ከተማ ሄዶ ዕዳና እግድ ይኑርበት አይኑርበት ማረጋገጥ ሥራ የሚያስፈታ ነገር ነው። ሻጩ ሚስት ካለው የእሷ ፈቃድ ያስፈልጋል የሚለው የቤተሰብ ሕግም አለ፤ ግን እሷ አረብ አገር ናት፣ በስልክም ተስማምታለች ተብሏል፣ የሰማው ደላላው ነው። ወራሾቹስ? እነሱ ገና ሕፃናት ናቸው፤ ሲያድጉ ይከስሳሉ። ገበያ ወጥተን ቲማቲሙን አንድ በአንድ እያገላበጥን ነጋዴዋን የምናስመርር ሰዎች፣ የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን ስናፈስ ግን ጨዋነታችን ያስቀናል። ጠበቃ ማማከር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለደላላው 400 ሺህ ሊከፈል አይደል?

ቤቱ ኮንዶሚኒየም ሆኖ የ5 ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ካላለፈ፣ ጎበዝ ደላላ መላ አያጣም፤ ውክልና። ሻጩ ይወክልዎታል፣ እርስዎ ሙሉውን ዋጋ ከፍለው የሰው ቤት ያስተዳድራሉ። ወካዩ እንዳይሞት ብቻ አጥብቀው ይጸልዩ፤ ሰውየው ሲሞት ውክልናውም አብሮት ይቀበራልና።

ውልና ማስረጃ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ደላላዎ ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብሎ «ውሉ ላይ 6 ሚሊዮን እንበለው» ይላል። ለቴምብር ቀረጡና ለስም ማዛወሪያው ነው፤ አርቆ አሳቢ ነው። ነገ ሽያጩ ፈርሶ ገንዘቤ ይመለስልኝ ሲሉ ዳኛው የሚያነበው ያንኑ 6 ሚሊዮን ነው። የቀረው 14 ሚሊዮን በእርስዎና በፈጣሪ መካከል ይቀራል።

(በነገራችን ላይ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ደላላዎ ቤቱን ሳይሆን ካሬውን እያባዛ ዋጋ የሚነግርዎት የሒሳብ ፍቅር ስላለው ብቻ ነው።)

የቆየ ቤት ካልፈለጉ ሱፍ የለበሰ «ሴልስ» በቲክቶክ ይጠብቅዎታል። ሕንፃው ለጊዜው ጉድጓድ ነው፤ በቪዲዮው ግን መዋኛ ገንዳው ዳር የፈረንጅ ልጆች ይጫወታሉ። የቀሩት ሦስት ቤቶች ብቻ ናቸው። ዘንድሮም ሦስት፣ አምናም ሦስት ነበሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች እህትዎም ይንገሩ፤ እሷ ጉድጓዱን እንኳ ሳታይ ትከፍላለች።

ውል በተፈረመበት ቀን ኮሚሽኑ በጥሬው ይቆጠራል። ስም ማዛወሩ ገና ነው፤ የደላላዎ ስልክ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥሪ አይቀበልም። አይዘኑበት፤ ሌላ ጋሼ ይዞ ነው። የሻጩ ወንድም ወራሽ ነኝ ብሎ እግድ ያወጣ ዕለት፣ ወይም ባንኩ መያዣዬ ነው ብሎ ማስታወቂያ በሩ ላይ የለጠፈ ዕለት፣ ያ ስልክ በራሱ ጊዜ ይደውልልዎታል።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ! ያን ቤት ይሸጡታል አሉ፤ ገዢ አግኝቼልዎታለሁ። እግድ? እሱን ማን ይጠይቃል? ወደ ካናዳ ሊሄዱ ነው እለዋለሁ።»