የቤት ሰው ስንት ነው?

ለንደን ውስጥ ኤ-ሌቭል የሚጀምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት መርጦ ሁለት ዓመት ይማራል። አበሻ ቤት ግን መራጩ ብዙ ነው። ሒሳብና ባዮሎጂ መያዜን ዘመድ ሁሉ መረቀልኝ። ሦስተኛው ሶሲዮሎጂ መሆኑ ሲሰማ ግን አጎቴ «ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማወቅም ትምህርት ቤት ይኬዳል?» አለ። እናቴ ዝም አለች፤ የእሷ ዝምታ ከአጎቴ ንግግር ይከብዳል። እኔ ደግሞ አብልጬ የምፈልገው ሶሲዮሎጂን ነበር። በስደት ያደገ ልጅ ከቤት ሲወጣ አንድ ሥርዓት፣ ሲገባ ሌላ ሥርዓት ይጠብቀዋል። ይህን የሚመረምር ትምህርት እያለ እንዴት ይታለፋል?

ሶሲዮሎጂ ክፍል የጀመርነው በቤተሰብ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆርጅ ፒተር መርዶክ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የ250 ማኅበረሰቦችን መረጃ አገላብጦ፣ ቤተሰብ ማለት በአንድ ቤት የሚኖር፣ በኑሮ የሚተጋገዝና ልጅ የሚወልድ ስብስብ ነው ይላል። እጄን አወጣሁ። አባቴ ሪያድ፣ አያቴ ኮልፌ፣ እናቴና እኔ ለንደን ነን። የአያቴ መድኃኒት የሚገዛው እናቴ ሌሊት ቢሮ አጽድታ በምታገኘው ደመወዝ ነው። የአጎቴ ልጅ ስታገባ ሽማግሌዎቹ «እሺ» የተባሉት ሦስት አገር በስልክ ከተማከረ በኋላ ነው። መተጋገዙ ሞልቷል፤ አንድ ቤት የሚባለው ግን የለም። መምህራችን ነገሩን ወደደችውና ሁላችንም መጠይቅ አዘጋጅተን የየራሳችንን ሰፈር ሰው እንድንጠይቅ አዘዘችን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀቴን ይዤ አዳራሽ ገባሁ። ሴቶቹ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። የመጀመሪያው ጥያቄ «በቤትዎ ስንት ሰው ይኖራል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ስለ ገቢ። አንዲት እናት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ማኅተም ነበር የሚፈልጉት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ የማን ወረቀት ነው?»

«የትምህርት ቤት ነው እማማ።»

«ትምህርት ቤት የኛን ቤት ሰው ቆጥሮ ምን ሊሠራበት?»

ጨዋታው ቀዘቀዘ። አንዷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የመኖሪያ ፈቃዱ ያላለቀለት ዘመድ ሳሎን የሚያስተኛ ቤት ስንት ነው! በዚያ ላይ የአካባቢው ካውንስል አለ፣ የኢሚግሬሽን ሰዎች አሉ። አብዛኛው መጠይቅ ባዶውን ተመለሰ። ከተሞሉት በአንዱ ላይ «1» ተጽፏል፤ እዚያ ቤት ግን አራት ሰው ሆነን እራት በልተናል። ሳምንቱን ሙሉ የእናቴ ስልክ አላረፈም። «ልጅሽን ማን ነው የላካት?» ነው ሁሉም።

እናቴ ተቆጥታ አልተወችውም፤ ይዛኝ እኒያ ወረቀቱን የገለበጡት እናት ቤት ቡና ሄደች። እዚያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። የአያቴ ስም፣ የት ተወልጄ በማን እጅ እንዳደግኩ፣ አባቴ በስንት ጊዜ እንደሚደውል። መለስኩ። ቶናው ሲቀዳ እሳቸው ጀመሩ፤ ማን ሶፋ ላይ እንደሚያድር፣ ለየትኛው ልጅ በየወሩ እንደሚልኩ፣ ከየትኛዋ እህት ጋር እንደተኳረፉ።

አን ኦክሊ የምትባል እንግሊዛዊት ሶሲዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው ጽሑፍ ጠያቂው ራሱን አርቆ፣ ሲጠየቅ ሳይመልስ ከሴቶች እውነተኛ ታሪክ ይሰማል ማለት ዘበት ነው ብላ ተከራክራለች። ክፍል ውስጥ ጽሑፏን ስንማር ለፈተና አጥንቼው ነበር። የገባኝ ግን እዚያ ረከቦት አጠገብ ነው። ሶሲዮሎጂ ቀላል ትምህርት ነው ሲሉ የምሰማቸውን እስከ ዛሬ የምከራከራቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሒሳብ ቁጥር ማን ጠየቀኝ ብሎ መልሱን አይደብቅም።

ቡናው ላይ የሰማሁትን ደብተሬ ላይ አላሰፈርኩም። ሴትዮዋ የነገሩኝ ለእናቴ ልጅ እንጂ ለትምህርት ቤቴ አልነበረም። ለመምህራችን ያስረከብኩት ባዶዎቹን መጠይቆችና ለምን ባዶ እንደቀሩ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ነው። ያንን «1» የተጻፈበትን ግን ቀድጄ ጥዬዋለሁ።