ለከርሰ ምድር ውሃ መሸኛ ይሰጠው

ፍሬም ውስጥ የገባ ፈቃድ ያናድደኛል። የውሃ ፈቃድ ማለቴ ነው። ከዘመሮ ለጉዳይ ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር የማርፍበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ከንግድ ፈቃዱና ከቫት ምዝገባው መሃል ሰቅሎታል። ባለቤቱን «ከጉድጓዱ በቀን ስንት ሊትር ትስባላችሁ?» ስለው በአገጩ ወደ ግድግዳው ይጠቁመኛል። «ጋሼ፣ እኛ ሕጋዊ ነን።» ስንት ነው እኮ ያልኩት! ከአጥሩ ውጭ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፏል፤ ከአጥሩ ውስጥ ሣሩ ጠጥቶ ጠግቧል።

ቆይቼ ሳስበው ግን ሰውየው ልክ ነው። ውሃን በወረቀት መለካት ትልቅ ሥልጣኔ ነው። ሌላው ዓለም ቆጣሪ ሲገጥም፣ ጉድጓድ ውስጥ የጥልቀት መለኪያ ሲያወርድ ይደክማል፤ እኛ ነገሩን በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ጨርሰነዋል። አዋጁ ውሃ የኢትዮጵያ ሕዝቦችና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል። በእጅ የሚቆፈረውን ጉድጓድ ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። በ1997 ደግሞ ደንብ ቁጥር 115 ተከተለው። ሕግ አልጎደለብንም፤ ችግሩ ውሃው ሕጉን አለማንበቡ ነው።

ስለዚህ ውሃው ይመዝገብ። የአገራችን ደጋ ባዛልት ነው፤ ውሃው በዓለቱ ስንጥቅ እየተሽሎከሎከ ከአንዱ ማሳ ሥር ወደ ሌላው ሲያልፍ ማንንም አያስፈቅድም። እንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት ሊቆም ይገባል። ከቀበሌ ቀበሌ ሲሻገር መሸኛ ይያዝ። ጠብታው ከጠዋቱ 2:30 ላይ በር ላይ ይሰለፍ፤ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ ያቅርብ፣ ጆሮው የሚታይ። የትውልድ ቦታ? ደመና። አይሆንም፣ ደመናው ካለበት ቀበሌ የልደት ካርድ ያምጣ። ሦስት ምስክር ሲባል ሦስት ጠብታ ይዞ ይመጣል፤ የእነሱም መታወቂያ አልታደሰም። መዝገብ ቤት ፋይሉን ያጣዋል። ፋይሉ ሲገኝ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባ ሲመለሱ ሲስተም የለም። «ነገ ና» ይባላል። ጠብታው በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውልና ይተናል፤ በማግሥቱ «ባለጉዳዩ በአካል ባለመቅረቡ» ተብሎ ፋይሉ ይዘጋል። የሆቴሉ ፓምፕ ታዲያ ያልተመዘገቡትን ጠብታዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል፣ ባለ ፈቃድ ነዋ! የጎረቤት ባልቴት የእጅ ጉድጓድ ከደረቀ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ያለ ፈቃድ ነው ያስቆፈረችው። ሕጉ «ፈቃድ አያስፈልግሽም» ማለቱ ምክንያት አይሆናትም።

ሌላም በረከት አለን። አንድ ሊትር ቢራ ለመጥመቅ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ ይፈጃል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ሁለት ቢራ ፋብሪካ አላት፤ ውሃ የጠማው ቢራ ይጠጣ፣ ሦስት እጥፍ አገኘ ማለት ነው። ጃካርታ የከርሰ ምድር ውሃዋን ስባ ስባ ሰሜኗ ከባሕር ወለል በታች ወርዷል። እኛ ባሕር ስለሌለን አያሰጋንም።

ቆጣሪ የማያነብ ቢሮ ፈቃድ መስጠት የለበትም። አለቀ። የፓምፑ ሠራተኛ በቃል የነገረውን ቁጥር ቅጽ ላይ መገልበጥ ቁጥጥር አይባልም፤ ጉድጓዱ ድረስ ወርዶ ክዳኑን ያላስከፈተ ባለሙያም ተቆጣጣሪ አይባልም። ቁጥጥር ያለ ማኅተምም ይቻላል፤ የመንዝ አባቶች ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር ለዘመናት ሲጠብቁ ማኅተም አልነበራቸውም። ሣሩ ሲሳሳ ለዓመታት ይዘጉት ነበር፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍተው ያሳጭዳሉ፤ ደፍሮ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት እስኪያፈርሰው ድረስ ጓሳ የኖረው እንዲህ ነው። እርግጥ የእነሱ ሥራ በአንድ ነገር ይቀል ነበር፤ የታጨደ ሣር ከሩቅ ይታያል። የተሳበ ውሃ አይታይም። ቆጣሪ የምንለው ለዚህ ነው፤ ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ መኪና አጣቢውም፣ ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ይግጠም።

የፈቃዱን ቅጂ አልፈልግም። የቆጣሪውን ንባብና የጉድጓዱን የውሃ ከፍታ በየሩብ ዓመቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ሙጫውን እኔ እችላለሁ።