የማያብራራ ማብራሪያ

የሰው ኮድ ማንበብ እንጀራችን የሆነ ሁሉ ይህቺን እናውቃታለን። ፈንክሽኑ አልገባን ይላል። ቀና ብለን ስናይ አናቱ ላይ አረንጓዴ ኮመንት ተደርድሯል። ተመስገን፣ የጻፈው ሰው አስቦልናል እንላለን። ከዚያ እናነበዋለን። ሜተዱ «ጌት ከስተመር ኔም» ይባላል፤ ኮመንቱ «ከስተመር ኔሙን ጌት ያደርጋል» ይላል። ፓራሜትሩ «አይዲ» ነው፤ ኮመንቱ «አይዲ፦ አይዲው» ይላል። ምን ይመልሳል ብለን ወደ ታች ስንወርድ «ከስተመር ኔሙን» ይላል። አንብበን ስንጨርስ የምናውቀው ሳንጀምር የምናውቀውን ያህል ነው። ስክሪኑ ግን ሞልቷል፣ ኮዱም ወደ ታች ተገፍቷል፣ ጣታችንም ማውሱ ላይ ሲሽከረከር ይውላል።

ይህን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ኤዲተሩ ነው። በቪዥዋል ስቱዲዮ ሲሻርፕ የሚጽፍ ሰው ከሜተዱ በላይ ሦስት ስላሽ ሲመታ የኮመንቱ አጽም ራሱ ይዘረጋል። በኢንቴሊጄ አንድ ስላሽና ሁለት ኮከብ ጽፎ ኢንተር መጫን ነው። በኢክሊፕስ ኦልት፣ ሺፍትና ጄ ነው። እስከዚህ ድረስ ቅር አይለንም፤ ቦታ አዘጋጅቶ «ሙላው» ማለት ውለታ ነው። ያስመረረን ቦታውንም እኔው ልሙላው ባዩ ነው። ጎስትዶክን የመሰሉ መሣሪያዎች የሜተዱን ስም በየቃሉ ይበጥሱና መልሰው ዓረፍተ ነገር ያደርጉታል። ስሙ ውስጥ ያልነበረ ነገር ከዚያ ዓረፍተ ነገር ከየት ይመጣል?

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጃቫዶክ ከጃቫ ጋር ሲመጣ፣ በ1997 ዶክሲጅን ሲከተል፣ ሐሳቡ ቁም ነገር ነበረው። ማብራሪያው ኮዱ አጠገብ ይጻፍ፣ ማሽኑ ደግሞ ከየፋይሉ ሰብስቦ የሚነበብ ሰነድ ያድርገው ነበር የተባለው። ማሽኑ እንዲሰበስብ ነበር የታሰበው፤ እንዲያስብልን አልነበረም።

ያበላሸው የኮመንት ቆጠራው ነው። ሲሻርፕ የዶክመንቴሽን ፋይል እንዲያወጣ ከታዘዘ፣ ለውጭ ክፍት ሆኖ ኮመንት ያልተጻፈለትን ሜተድ ሁሉ እየለቀመ ሲኤስ 1591 የሚባል ማስጠንቀቂያ ያወርዳል። ማስጠንቀቂያን ሁሉ እንደ ስህተት ቁጠረው የሚል ቅንብር የበራ እንደሆነ ደግሞ ኮዱ ጭራሽ አይሠራም። በጃቫ ቼክስታይል የሚባለው የኮድ መርማሪም እንደዚሁ ይጠይቃል። መኖሩን እንጂ ምን እንደሚል አይጠይቅም። ከደንበኛው ጋር የተገባው ውል ላይ ደግሞ «ሙሉ ዶክመንቴሽን ያስረክባል» የሚል አንቀጽ አለ። የርክክብ ቀን ሲደርስ ማን ቁጭ ብሎ ይጽፋል? አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ፕሮጀክቱ በሙሉ አረንጓዴ ይለብሳል። አለቃው ደስ ይለዋል፣ ደንበኛው ይፈርማል፣ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ አረሙን የምንነቅለው ግን ከዓመት በኋላ የምንቀጠረው እኛ ነን።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። የዘገየ ክፍያ ቅጣት የሚያሰላ ፈንክሽን አለ እንበል፤ የክፍያውን ቀንና መጠኑን ይቀበላል። አውቶማቲኩ ኮመንት «ቅጣቱን ያሰላል። ቀን፦ ቀኑ። መጠን፦ መጠኑ» ብሎ ያርፋል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ሌላ ነው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? መጠኑ በብር ነው ወይስ በሳንቲም? ጳጉሜ እንደ አንድ ወር ትቆጠራለች ወይስ ከነሐሴ ጋር ትጠቃለላለች?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዓመቱ 2016 ከሆነ በሁለቱም አቆጣጠር ያለ ዓመት ስለሆነ ፕሮግራሙ ትንፍሽ አይልም። ጥቅምት 30 በእኛ አቆጣጠር ደህና ቀን ናት። ወር 2፣ ቀን 30 ተብላ የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ወደሚያውቅ ላይብረሪ ስትገባ ግን ፌብሩዋሪ 30 ትሆናለች፤ እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ የለም። አንዳንዱ ቋንቋ ስህተት ብሎ ይቆማል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ቀኑን በራሱ ጊዜ ወደ ማርች መጀመሪያ ያሻግረዋል፤ ማንም ሳያውቅ ቅጣቱ ይዛባል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና ስትመጣም ያው ነው። ወራት ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሲስተም ጳጉሜ ላይ ወይም የጥቅምት መጨረሻ ላይ ይወድቅና ስልክ ይደወልልናል። ኮዱን እንከፍታለን፣ ኮመንቱን እናነባለን። «ቀን፦ ቀኑ።» ኧረ የየትኛው አቆጣጠር ቀን? አንድ ቃል ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን እንተኛ ነበር።

የፋይሉ ራስጌም አለ። ኔትቢንስ የሚባለው ኤዲተር አዲስ ፋይል ሲከፍት ይህን ራስጌ ለመቀየር ወደዚህና ወደዚያ ይሂዱ የሚል መመሪያ አናቱ ላይ ይለጥፋል፤ የሚቀይረው ግን የለም፣ መመሪያው ከነኮዱ ለደንበኛ ይሄዳል። የጸሐፊውን ስም ኢክሊፕስ ከኮምፒውተሩ የተጠቃሚ ስም ይወስዳል። ስለዚህ ጸሐፊው «ዩዘር» ነው፣ ጸሐፊው «አድሚን» ነው፣ ጸሐፊው «ኤችፒ» ነው። አንድ ነገር ልንጠይቀው ብንፈልግ የት እናገኘዋለን?

ያረጀው ኮመንት ከሁሉም ይብሳል። ፓራሜትሩ ተነሥቷል፣ ኮመንቱ ግን አለ። ድሮ ባዶ ይመልስ የነበረው ሜተድ ዛሬ ስህተት ይወረውራል፣ ኮመንቱ ዛሬም ባዶ ይመልሳል ይላል። ሰው በእጁ የጻፈውን ኮመንት ኮዱን ሲያሻሽል ያስታውሰዋል፤ ማሽን የጻፈውን ግን ማንም አላነበበውም፣ ስለዚህ ማንም አያርመውም።

ከ2021 ወዲህ ደግሞ ጊትሀብ ኮፓይለትና መሰል የኤአይ ረዳቶች መጡ። እውነቱን ለመናገር እነዚህ ይሻላሉ፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ውስጡንም ያነባሉ፣ ኮዱ ምን እንደሚያደርግ ጥሩ አድርገው ይተርካሉ። ነገር ግን ለምን እንደሚያደርግ ከየት ያመጡታል? ቅጣቱ ከአምስተኛው ቀን በኋላ የሚጀምረው ደንበኛው በስልክ ስለጠየቀ ይሆናል፤ ያ ስልክ ኮዱ ውስጥ የለም። ባላወቁት ቦታም ዝም አይሉም። ቀኑ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያውቁ «በግሪጎሪያን አቆጣጠር» ብለው በሙሉ ልብ ሊጽፉ ይችላሉ። ባዶ ቢሆን እንጠይቅ ነበር፤ ተጽፎ ስናገኘው አምነን እናልፋለን።

መውጫው ጠፍቶ አይደለም። ፓይተን ዶክቴስት የሚባል መሣሪያ ከ2001 ጀምሮ አብሮት አለ፤ ማብራሪያው ውስጥ የተጻፈውን ምሳሌ አስኪዶ ውጤቱ ካልገጠመ ይናገራል። ረስትም በኮመንት የተጻፈን የኮድ ምሳሌ ከሌላው ቴስት ጋር አብሮ ያስኬደዋል። እንዲህ ያለ ኮመንት ሲያረጅ ዝም አይልም። ጥቅምት 30ን ምሳሌ አድርጎ የጻፈልን ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ያ የሌሊት ስልክ ባልተደወለ።

እናም ቡድን የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ እባካችሁ መቁጠሩን ትታችሁ ማንበብ ጀምሩ። ሪቪው ስታደርጉ «ኮመንት አለው?» አትበሉ፤ «ምን ይላል?» በሉ። ኮድ የምትጽፉም፣ ስሙ ራሱን ለሚያብራራ ሜተድ ኤዲተሩ የዘረጋውን አጽም አጥፉት፤ ባዶነቱ አይጎዳንም። ቀን፣ ገንዘብ ወይም ሰዓት ለሚቀበል ፈንክሽን ግን የየትኛው አቆጣጠር፣ ብር ወይስ ሳንቲም፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚባለው እንደ ሀገራችን ይሁን እንደ ፈረንጁ፣ ያቺን አንድ መስመር በራሳችሁ እጅ ጻፉልን።