አጓት ሲያልፍለት

ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ከዶሮ ቀድሞ የሚጮኽ ነገር አለ፤ የእህቴ ልጅ ጁስ መፍጫ። ድሮ በዚህ ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ ሙቀጫ ነበር። ሙቀጫ ሰው ያከብራል፤ ዱም፣ ዱም እያለ፣ ገና ነው አትቸኩል እያለ ነው የሚቀሰቅስህ። መፍጫው ግን ጥርስ ሐኪም በስህተት ጆሮህ ውስጥ የገባ ያህል ነው። ልጁ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጂም ይገባል። እንደ ድሬ ልጅ ወግም አንቱታ አያውቅም። «አጎቴ፣ አቦ ተነሣ! ቅመስ፣ ጤና ነው» ብሎ ጆግ የሚያህል ብርጭቆ አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል። ፕሮቲን ቡና ይባላል።

ኋላ ቀር እንዳልባል ላወድሰው ቆርጫለሁ።

አሠራሩ ጥበብ ነው። ማታ እናቱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብላ ከጨረሰች በኋላ ጀበናው ውስጥ የቀረውን አንጠፍጥፎ በበረዶ መሥሪያው ፍሪዘር ውስጥ ያስገባል። ጠዋት ያንን የቡና በረዶ፣ አንድ ሙዝ፣ ወተት፣ ሁለት ማንኪያ አጃ፣ ሦስት ተምር፣ የለውዝ ቅቤ፣ ትንሽ ቀረፋ መፍጫው ውስጥ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ሰውነቱ እንደ ድንጋይ ካብ የተደረደረ ሰውዬ ከተሳለበት ትልቅ ዕቃ አንድ ማንኪያ ዱቄት ይሰፍራል። ሲሰፍር አይተነፍስም፤ ቄስ ጠበል ሲረጭ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ጩኸት፣ ከዚያ አረፋ። የእናቱ ቡና ከሰዓት በላይ ይፈጃል፤ የእሱ በግማሽ ደቂቃ አለቀ። የተረፈውን ሰዓት ብርጭቆውን ቪዲዮ ሲቀርጽበት ያሳልፋል።

ጥቅሙ ተዘርዝሮ አያልቅም። የቡና ጭስ ስለማይኖር ጎረቤት ቡና መፈላቱን አያውቅም፤ ጎረቤት ካላወቀ አይመጣም፤ ካልመጣ ሲኒ አይሰበርም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጾም ይሆናል። ረቡዕና ዓርብ ዱቄቱ የፍስክ ነው ስለተባለ ልጁ ጡንቻውን የሁለት ቀን የጾም ፈቃድ ያስወጣዋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በርጫ ይቀመጥና ያንን ሁሉ ለጡንቻ ብሎ የጠጣውን በጫት የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶ ይሸኘዋል። ስታርባክስ በ2018 ዓ.ም መስከረም አሜሪካ ውስጥ ፕሮቲን የገባበት ላቴ መሸጥ ሲጀምር ልጁ ስልኩን ይዞ እየሮጠ መጣ። «አየህ አጎቴ? ቀድመናቸዋል!» በ1999 ዓ.ም «ሐረር»፣ «ሲዳሞ»፣ «ይርጋጨፌ» የሚሉት ስሞች የማን ናቸው በሚለው ተከራክሮ ከመንግሥታችን ጋር የተስማማው ያው ድርጅት ነው። የቡናውን ስም ስንጠብቅ የቡናውን ጠጪ ዘነጋን።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጁ መጀመሪያ ሰሞን በረዶ መሥራቱን አልተማረም ነበር። እናቱ ገና ከጀበናው የቀዳችውን ትኩስ ቡና ዱቄቱ ላይ ከለበሰበት። ቡናው ተቋጠረ፤ ከላይ ነጭ ነጭ ጉብታ፣ ከታች ቡናማ ውሃ። እህቴ ጎንበስ ብላ አየችና «አንተ፣ ይሄ አይብ ነው» አለች። ልጁ ሳቀባት፤ ሳይንስ እንደሆነ አስረዳት። እኔ ግን ያን ቀን ጠረጠርኩ። ዕቃውን አዙሬ ጽሑፉን አነበብኩ። «ዌይ» ይላል። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።

አጓት።

አንባቢ ሆይ፣ አጓትን የማታውቀው ከሆነ የከተማ ልጅ ነህ ማለት ነው። አሬራው እሳት ላይ ሞቆ አይቡ ሲወጣለት ታች የሚቀረው አረንጓዴ ቢጫ ውሃ ነው። ሂርና አያቴ ቤት አይቡ ለእኛ፣ አጓቱ ለጥጃ ነበር፤ ጥጃው ጠግቦ ፊቱን ሲያዞር ለቡቺ። ቡቺ ውሻ ነው። ፈረንጅ ደግሞ ከቺዝ ፋብሪካ የሚወጣውን አጓት አጣርቶ፣ በሞቃት አየር አድርቆ፣ ቸኮሌት የሚል ሽታ ቀብቶ፣ ሰውዬ ስሎበት ሸጠው።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ዘመኑ የግራም ነው። የላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ አይቡ ውስጥ ይቀራል፤ ከአጓቱ ጋር የሚሄደው 20 በመቶ ገደማ ነው። ፈሳሹ አጓት ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ፕሮቲን ስላለ፣ ልጁ በአንድ ማንኪያ የሚሰፍረውን 25 ግራም ለማግኘት ሦስት ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ቡቺ በቀን አንድ ጣሳ፣ ሊትር እንበለው፣ ይጠጣ ነበር። ዐሥር ዓመት ኖሯል። እንግዲህ በሕይወቱ ከ1,200 ማንኪያ በላይ ጨርሷል ማለት ነው። የሳቢያን ጂም በሙሉ ተሰብስቦ ይህን ያህል አልጠጣም። ቡቺ ሲሞት የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ያኔ ብረት ስላላነሣ ነው መሰለኝ።

ግፉ ግን አሁን ነው የሚታየኝ። አያቴ ያንን ሁሉ ሀብት በነጻ አፈሰሰች፣ ቡቺም ደረሰኝ ሳይቀበል ሞተ። ይህ ስህተት መታረም አለበት። ከነገ ጀምሮ ከገጠር ወተትና ቅቤ ይዘው ከፊራ ገበያ የሚገቡት እናቶች አይቡን ጥለው አጓቱን ይዘው ይምጡ። ደቻቱ ወንዝ ዳር የአጓት ደላላ ይቁም፤ «የማለዳ ነው፣ ውሃ አልነካውም» ብሎ ይማል። ከመቶ አንድ የሚሞላው አንደኛ ደረጃ፣ የማይሞላው የአገር ውስጥ ፍጆታ ይባል። ባቡሩስ ምን ይሠራል? ይህች ከተማ እኮ በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ የተወለደች ናት። አጓቱን በቦቴ ጭነን ጅቡቲ እናውርደው፤ ባሕር ተሻግሮ ይድረቅና ሰውዬ ተስሎበት፣ ከዱባይ በሻንጣ ይመለስልን። ጥሬውን ልኮ ያለቀለትን መግዛት እንደሆነ ልምዱ አለን፤ በቡናው በደንብ ተለማምደነዋል። ጥሎሽ በአጓት ይቆጠር። ሽማግሌ ሲላክ «ልጃችን ስንት ጥማድ በሬ አለው?» መባሉ ቀርቶ «ስንት ጣሳ?» ይባል። የጥጃዎቹ ነገር ግን ያሳስበኛል። ድርሻቸው ሲወሰድባቸው ዝም አይሉም፤ ያድማሉ። ጥጃ ካልጠባ ላሚቷ ወተት አትሰጥም፤ ወተት ከሌለ አሬራ የለም፤ አሬራ ከሌለ አጓት የለም። ስለዚህ ለጥጃዎቹ ከውጭ የተመለሰውን ዱቄት በውሃ በጥብጠን በቸኮሌት ጣዕም እናጠጣቸዋለን። ለቡቺ ዘሮች ደግሞ ውዝፍ ክፍያ ይታሰብላቸው፤ ሰነድ የለንም ካሉ እኔ እመሰክራለሁ።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልናገር። የአንዱ ዕቃ ዋጋ የእህቴን የወር አስቤዛ ያህላል፣ የሚከፈለውም ከእህቴ ቦርሳ ነው። ልጁ ሥራ ፈላጊ ነው። ሁለት እንቁላልና ሁለት ብርጭቆ ወተት ወደ 28 ግራም ፕሮቲን ይሰጡታል፣ ከማንኪያው ይበልጣል፣ መፍጫም አይፈልጉም። ይህን ነግሬዋለሁ። «አቦ አጎቴ፣ እሱ ክሊን አይደለም» አለኝ። እንቁላል እኮ ታሽጎ የሚመጣ ምግብ ነው!

ቡና ደግሞ በዚህ አገር ብቻውን ተጠጥቶ አያውቅም። ሐረርጌ ውስጥ በቡና ገለባ የሚፈላ ሆጃ አለ፣ ወተት የሚገባበት፤ የዛሬው ላቴ ገና ሳይታሰብ አያቶቻችን ይጠጡት ነበር። ቡናውን ከነገለባው በቅቤ ጠብሶ የሚበላም አለ፣ ቡና ቀላ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ቡናው ላይ ቅቤ ጨመረና መጽሐፍ ጻፈበት፣ ኩባንያም አቋቋመበት። እህቴም ብትሆን ረከቦቱ ጎን ቁርሱን ሳታስቀምጥ አቦል አትቀዳም፦ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ የባቢሌ ለውዝ። አንድ እፍኝ ለውዝ 7 ግራም ፕሮቲን አለው። ልጁ በእናቱ ምንጣፍ አጠገብ ሲያልፍ ያንን ለውዝ አይነካም፤ ዘይት ነው ይላል። ፍሪጅ ከፍቶ ግን በማንኪያ ይልሰዋል፤ እዚያ በጠርሙስ ተለንቅጦ፣ ስሙም ተቀይሮ ተቀምጧል። እናቱ «ና አቦል ድረስ» ስትለው «ጠጥቻለሁ» ነው መልሱ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ከእሷ ጋር ሲኒ አላነሣም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ አጓቱን እንኳ ይጠጣ።

ለዕቃው ግን ምስጋና ይገባል። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ እርጥበት አያስገባም፣ ነቀዝም አይደፍረውም። እህቴ ባዶዎቹን አጥባ በመደርደሪያዋ ላይ ደርድራቸዋለች፤ አንዱ ውስጥ በርበሬ፣ አንዱ ውስጥ ጥሬ ቡና፣ አንዱ ውስጥ ሽሮ። ባለጡንቻው ሰውዬ ክንዱን አጣጥፎ በየተራ ይጠብቅላታል። መስፈሪያ ማንኪያዋም አልተጣለችም፣ ስኳር ውስጥ ናት።

ባለፈው ማክሰኞ ገና ሳይነጋ መፍጫው ጮኸ። ዝም አለ። ትንሽ ቆየና ሳል ተሰማ፣ ረጅም ሳል፣ ከዚያ የቧንቧ ውሃ ድምፅ።

«እማ!» አለ ልጁ ከማድቤት። «ይሄኛው ምን ፍሌቨር ነው?»

እህቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ መለሰችለት።

«ምጥን ሽሮ።»