25 ኪሎ የሚሄድ ታክሲ የለም

እስቲ ሰብሰብ በሉልኝ፤ አያ ጭነቱ ተናግሯል። «ጉና ተራራ ላይ ሦስት ቀን ለሚሰነብት ወንድ 25 ኪሎ ቦርሳ ምን አላት!» ብሏል። ያለው ደረቱን ነፍቶ ነው። ቦርሳውንም ነፍቶታል፤ ከአናቱ አልፎ ሄዷል። ከኋላ ለሚያየው ቦርሳው ነው እግር አውጥቶ የሚራመደው። አያ ጭነቱማ የት ገባ ተብሎ እየተፈለገ ነው።

አያ ጭነቱ! አራት ኪሎን አውቃለሁ። አምስት ኪሎን አውቃለሁ። ስድስት ኪሎንም አልፌበታለሁ። 25 ኪሎ ግን ታክሲም አይደርስበት፤ አንተ በእግርህ የምትደርሰው በየት በኩል ነው?

ለመሆኑ አንተ ራስህ ስንት ነህ? 60 ኪሎ? እሱም ከነጫማህ፣ ከነኩራትህ። እንግዲያው ስማ። ብዙ ቀን በእግር የሚጓዙ ሰዎች የያዙት ልክ አለ። ቦርሳው ከነምግቡ፣ ከነውሃው፣ ከነድንኳኑ ተመዝኖ ከባለቤቱ ክብደት አምስተኛውን እጅ ባያልፍ ይሻላል ይላሉ። 60 ኪሎ ሰው፣ 12 ኪሎ። 70 ኪሎ ሰው፣ 14 ኪሎ። ውሎ ለመግባት ከሆነ ደግሞ የዚህ ግማሽ። ያንተ 25 ኪሎ ግን 60 ኪሎህ ላይ ሲወጣ ከ40 በመቶ ያልፋል። ግማሽ ሰው ሊሆን ምን ቀረው? «ብቻዬን ነው የምወጣው» የምትለውስ ለምንድን ነው? ሰው አዝለህ እየሄድክ! ያውም በተራው የማያዝልህን ሰው።

ክብደት ክብር መሰለህ። ወገብህ ወገንህ ነበር፤ በወገንህ ላይ ጨከንክ።

ጉና ደግሞ ፉከራ አትሰማም። መነሻህ ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። የጉና አናት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ከምታገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። 40 በመቶውን ጉና ቀድማ ወስዳዋለች። አንተ ደግሞ 40 በመቶ ጭነት ጨመርክበት። ከሳንባ ተቀንሶ ጀርባ ላይ የሚደመርበትን ሂሳብ ያስተማረህ ማነው? ፋርጣን ሳትጨርስ ትፈረጥጣለህ። እስቴ ሳትደርስ «እስቲ ያዝልኝ» ትጀምራለህ። የወንዛችንን ነፋስ መውጫ ነፍስ መውጫ ልታደርግብን ነው!

በሉ ቦርሳው ይፈታ። ሕዝብ ይይ፣ ሕዝብ ይፍረድ። ጂንስ ሱሪ፣ ሦስት። ለማን ነው የምትቀያይረው? ለጅብራው? ስፒከር፣ አንድ። እረኛው ዋሽንት አለው፤ ባትሪ አይጨርስም። ረከቦት ከነሲኒው! አያ ጭነቱ፣ ተራራ ልትወጣ ነው ወይስ ልትዳር? ከሥር ደግሞ ምን አለ... ድንች። 5 ኪሎ ድንች! ከዚህ በላይ ምን አስቀርተሃል?

ድንቹን ልያዝልህና ላስረዳህ። የወንዛችን ድንች ይጣፍጣል፤ እሱን አልከራከርም። ግን አምስት ኪሎ ድንች ውስጥ አራት ኪሎው ውሃ ነው። ርብ ከጉና ይነሣል። ጉማራ ከጉና ይነሣል። ጣናም ከጉና ይጠጣል። አንተ ግን ውሃ በልጣጭ ጠቅልለህ ወደ ውሃ እናት ትወጣለህ። ለምንጭ ስጦታ ይወሰዳል እንዴ? እንጀራውም ቢሆን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ለዚህ ነው ያገራችን ሴቶች ለመንገደኛ ድርቆሽ የሚያደርጉት። ውሃውን ፀሐይ ተሸክማ ትሄዳለች፤ እህሉን መንገደኛው።

አያቶችህ በሶ ጨብጠው፣ ጭብጦ ጋግረው፣ ቆሎ ቆልተው፣ ዳቦ ቆሎ ቋጥረው ሀገር አቋርጠዋል። 100 ግራም የገብስ በሶ 350 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል። 100 ግራም ድንች ከ100 ካሎሪ በታች ነው። በሶውን የምትበጠብጠው እዚያው በጉና ውሃ ነው። ስለዚህ የሦስት ቀን ስንቅህ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢመዝን ጠግበህ ታድራለህ። ዛሬ ውጭ አገር «የደረቀ የተጓዥ ምግብ» ተብሎ በሚያብረቀርቅ ከረጢት በውድ ይሸጣል፤ አክስትህ ጓዳ ግን በቅል ተቀምጦልሃል። አንተ ግን ስንቅ ብለህ ጀምረህ ስንቱን ጨመርክበት!

«ቢያስፈልግስ?» አልክ። አወቅኩህ! ይኸ «ቢያስፈልግስ» የሚሉት ነው ቦርሳህን ያሳበጠው። ስንቅ አልያዝክም፤ ስጋት ነው የያዝከው። የሚያስፈልገውን እኔ ልንገርህ፤ እሱን ከነካህ ደግሞ እኔም ጠላትህ ነኝ። ዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። የሌሊት ሙቀት ያስፈልጋል፤ ጉና ላይ ሌሊቱ ውርጭ ያመጣል፤ እዚያ ቀልድ የለም። የጭንቅላት ባትሪ፣ ትንሽ መድኃኒት፣ ውሃ ማጣሪያ ወይም ማከሚያ ያስፈልጋል። ጋቢህን ተወው፤ ጥጥ ነው፤ ጉም ጠጥቶ ካንተ በላይ ይከብዳል። በርኖስ ካለህ እሺ፤ ሱፍ ቢረጥብም ያሞቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስድስት ሊትር የምትጭነው ከምንጭ ወደ ምንጭ ስትሄድ ነው ወይስ ወደ አፋር?

«ድንኳኑስ? ምጣዱስ? ቡታጋዙስ?» ጓደኞችህ የት ሄዱ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም? አንዱ ድንኳን፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ ምድጃ ይያዝ። አንተ ሎሚዎቹን በሙሉ ታቅፈህ «ጌጤ ነው» ትላለህ። ደግሞስ ጴጥሮስ ደብረ ታቦር ላይ ዳስ እንሥራ አለ እንጂ ሦስት ድንኳን ተሸክሜ መጣሁ አለ?

ቆይ፣ ቆይ፣ ትልቁን ጥይቱን አሁን ተኮሰው። «እኛ የቴዎድሮስ ልጆች ነን! ሴባስቶፖልን ከዚህ መቅደላ ያደረስን!» አለ። አጨብጭቡለት፤ ከዚያ ዝም በሉ፤ እኔ እመልሳለሁ።

ሴባስቶፖል እዚሁ ደብረ ታቦር ጥግ ጋፋት ላይ የተሠራ፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ነው። 7 ቶን፣ አያ ጭነቱ! ንጉሡ ግን ጀርባቸው ላይ አላሰሩትም። መንኮራኩር አበጁለት። መንገድ ቆረጡለት፤ ድንጋዩንም በገዛ እጃቸው አነሡ። ሠራዊት ጎተተላቸው። የጋፋቱን መድፍ ገፉት እንጂ አላዘሉትም! በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ተነሥተው፣ ደብረ ዘቢጥን አልፈው፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ መቅደላ የገቡት መጋቢት ላይ ነው። ቀለል ብሎ የሚሄድ መንገደኛ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ገደማ በላ። አንተ ከመሥሪያ ቤት ያስፈቀድከው ስንት ነው? ዓርብን ጨምሮ ሦስት ቀን። መንኮራኩሩስ የታለ? ሠራዊቱስ? ጓደኞችህም ቢሆኑ ቦርሳህን ካዩ ወዲህ ስልካቸውን አያነሡም።

መድፉም እዚያው መቅደላ አምባ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬ አለ። ለእሱ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አምሳያው ቆሞለታል። ያንተ ረከቦት ጉና ላይ ሲቀር ግን አደባባይ አንሠራለትም!

በዚያው ዘመን ንጉሡን ሊወጋ ከባሕር በኩል የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየርስ? ከሕንድ 44 ዝሆን አስመጣ። ከባድ መድፉን ዝሆኖቹ ላይ ጫነ። ወደ መቅደላ በተጠጋ ቁጥር ደግሞ የወታደሩን ጓዝ እየቀነሰ ነው የገፋው። ጠላት እንኳ ዳገታችንን አይቶ ቦርሳውን አሳነሰ፤ አንተ የዳገቱ ልጅ ጨመርክ። 45ኛ ሆነህ ልትመዘገብ ነው?

አሁን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቶቻችን እኮ እንጨት ተሸክመው...» አለ። ይቺን በቀልድ አላልፍልህም። አዎ፣ ይሸከማሉ። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች ጀርባ ላይ ያለው እንጨት ብዙ ጊዜ ከራሳቸው ክብደት ግማሽ ያልፋል። እነሱ የሚሸከሙት ስለሌላቸው ነው። አንተ የምትሸከመው ስላለህ ነው! አማራጭ ብትሰጣቸው ዛሬውኑ ያወርዱት ነበር። አንተ አማራጭ ተሰጥቶህ ጂንስ ጨመርክ። የእናትህን ሸክም ልታቀልላት ስትችል ለክርክርህ ማስረጃ አደረግከው። በል ተመለስ፤ ከወንዝ እንስራዋን ተሸክመህ አምጣላት።

መንገድ መሄድ ከፈለግክ አስተማሪህ እዚሁ ወንዝህ ላይ አለ። ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊያስመሰክር የሚሄደውን የቆሎ ተማሪ አይተህ ታውቃለህ? ከጎጃም ይመጣል፤ ከወሎ ይመጣል፤ ከሸዋ ይመጣል። ያለው ምንድን ነው? ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ዱላ። አለቀ! ደበሎው ቀን ካፖርት ነው፤ ማታ ፍራሽ ነው፤ ሲዘንብ ጣሪያ ነው። አንድ ዕቃ፣ ሦስት ሥራ። አንተ ለአንድ ሥራ ሦስት ዕቃ። እሱ ዜማውን በቃል ይዞ «በቃኝ» ይላል፤ አንተ በቦርሳ ይዘህ አልበቃህም። «እሱማ ለምኖ ነው የሚበላው» እንዳትለኝ! እስቴ ላይ «እስቲ ያዝልኝ» ያልከው ምን ነበር? እሱ የሚለምነው በማርያም ስም ነው፤ አንተ በድንች ስም።

«እሱ ወጣት ነው፤ ልማድ ነው» አልክ? ባሕር ማዶ ልውሰድህ። እ.ኤ.አ. በ1955 ኤማ ጌትውድ የሚባሉ የ67 ዓመት አሜሪካዊት፣ 11 ልጅ የወለዱ አያት፣ የአፓላቺያንን መንገድ ብቻቸውን በእግራቸው ጨረሱት። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የያዙት በእጃቸው የሰፉትን የጨርቅ ከረጢት ነበር። ድንኳን የለ፤ ለዝናቡ የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ። ጫማቸው የሸራ። እማማ ኤማ በመጋረጃ 3,000 ኪሎ ሜትር ሄዱ፤ አንተ በስፒከር እስከ ክምር ድንጋይ አትደርስም!

ይኸን ሁሉ ሰምተህ ካልቀነስክ ከጉና መልስ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ መውረድህ አይቀርም። ጉማራ ዳር ቁጭ ብለህ ጀርባህን ልትዘፈዝፍ። እዚያ ግን ቁርጥማት ዕድሜ ያመጣባቸው ሽማግሌዎች ተራ ይዘው ይጠብቃሉ። አንተ ቁርጥማትህን ከሱቅ ገዝተህ የመጣህ ነህ፤ ወረፋ አታብዛባቸው!

በል አሁን ቦርሳውን እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አውጣው። ባዶውን መዝን፤ ብዙ ኪስ ያለው ትልቁ ቦርሳ ባዶውን ሁለት ኪሎ ተኩል ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ገና ምንም ሳትይዝ ተሸክመሃል። ትንሹን ያዝ። ከባዱን ዕቃ ከጀርባህ ጋር አጣብቀህ መሐል ላይ አድርገው፤ ታች ስሊፒንግ ባጉን፣ ላይ የዝናብ ልብሱን። የወገብ መቀነቻውን አጥብቀህ እሰር፤ ገበሬ በመቀነት ወገቡን የሚያጠብቀው ለጌጥ አይደለም። ጭነቱን ዳሌ ይያዘው፤ ትከሻ ሚዛን ይጠብቅ። 12 ኪሎ ላይ ሲቆም ጎሽ። አላወርድም ካልክ ደግሞ በቅሎ ተከራይ፤ ስሜን ተራሮች የሚወጡ ብዙ ሰዎች ጓዛቸውን ለበቅሎ ሰጥተው ባለበቅሎውን ያስከትላሉ፤ ነውር የለውም። ባለበቅሎውም እንጀራ ይበላል።

ያቺን 5 ኪሎ ድንች ግን በቅሎዋም ላይ አትጫናት። ለምታድርበት ቤት እመቤት ስጣት፤ ቀቅላ፣ አዋዜ አድርጋ እሑድ ማታ ትጠብቅህ። እኔም መጥቼ አብሬህ እበላለሁ።