በ20 ደቂቃ ምን ይደርሳል?

ሰው ቤት እየሄደ ድስትና መጥበሻ አሳይቶ የሚሸጥ ሁሉ ያቺን ጥያቄ ያውቃታል። ስቶቩ ሳይሰካ፣ ዕቃው ከካርቶኑ ሳይወጣ፣ ከሶፋው ጥግ ትመጣለች፦ «ዶሮ ወጥ ይሠራል?» ይሠራል እንላለን። «እስቲ አሳዪና!» ይከተላል። ብልት አውጥቶ፣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ አጥቦ፣ ያን ሁሉ ሽንኩርት ከትፎ፣ አቁላልቶ፣ በርበሬውን አብስሎ፤ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚያቆም ሥራ በየትኛው ሰዓት ላሳይ? የተሰጠኝ 20 ደቂቃ ነው።

የ20 ደቂቃዋ ሕግ የአስመጪው ናት። ከዕቃው ጋር ባለ ቀለም ወረቀት ይሰጠናል፤ «ለማሳያ የሚሆኑ ፈጣን ምግቦች» ይላል። የእንጉዳይ ሾርባ በክሬም። ብሮኮሊ በእንፋሎት። ሳልመን በሎሚ። ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ በሐሙስ ቀን ሳልመን ፍለጋ ልውጣ? ብሮኮሊውስ በጀ፣ ከአትክልት ተራ ይመጣል እንበል፤ እሱን ቀምሳ «በሉ አንድ ሙሉ ስብስብ ስጡኝ» የምትል ሴት እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ወረቀቷ ቦርሳ ውስጥ ትቀራለች፤ ምግብ መምረጡ የኛ ዕዳ ይሆናል። ሰው ይሄ ሥራ ምላስ ብቻ የሚፈልግ ይመስለዋል። መናገሩማ ምን አለው! የሚያደክመው ማታ ቁጭ ብሎ «ነገ ምን ልሥራላቸው?» ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠሪያ ይታያል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15፣ ነነዌ 3፤ የሐዋርያትና የነቢያት ሲጨመሩ ዓመቱ ያልቃል። ምግብ የማይዝ መጥበሻ ደግሞ ዋና ትርዒቱ እንቁላል ነው፤ ያለ ዘይት ሰብሮ፣ ጠብሶ፣ መጥበሻውን ዘንበል አድርጎ ወደ ሰሃን ማንሸራተት። በጾም ቀን እንቁላል ስትሰብሪ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ቤቷን የከፈተችልን አስተናጋጅም ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። የጾም ምግብ ይዘሽ ብትሄጂስ? ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከተቀመጡት ውስጥ እስከ ስድስት፣ አንዳንዷም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማትቀምስ ትኖራለች። ሠርተሽ ሽታውን ብቻ ትሰጫታለሽ። በረመዳን ደግሞ የአሥር ሰዓት ቀጠሮ ይዘሽ ስትሄጂ ግማሹ ቤት ጾመኛ ነው፤ ሁሉም ጨዋ ስለሆነ ዝም ብሎ ያይሻል እንጂ። ሥጋማ ከዝርዝሩ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ድብልቅ ነው፣ ማን እንደባረከው ሳይታወቅ ጥብስ ማዞር ጠብ መግዛት ነው።

ይሄን ለአስመጪው ተባብረን ነገርን። «የጾም የሚሆን ነገር ጨምሩልን» አልን። ጨመሩልን፤ አዲስ ገጽ መጣ። «ቶፉ በሶያ ሶስ፣ 12 ደቂቃ» ይላል።

ሌላው ጣጣ ከፍታው ነው። ወረቀቷን ማን እንደጻፋት ባላውቅም ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ እንደጻፋት እምላለሁ። ውሃ ከባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከፍታው በ300 ሜትር ገደማ በጨመረ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውሃው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ ምንም ቢያነዱበት አይሞቅም። የክክ ወጥ «15 ደቂቃ» የተባለው ሱሉልታ ላይ እጥፉን ይወስዳል፤ ያኔ እኔ ወሬ አልቆብኝ የክዳኑን እጀታ ለሦስተኛ ጊዜ እያመሰገንኩ ነው። ብርዱም አለ። እንጦጦን ተሻግሮ የሚመጣው ንፋስ በበሩ ሲገባ የስቶቩን ሙቀት ይዞት ይሄዳል፤ በሩን እንዳትዘጊ ደግሞ ገና የሚመጡ እንግዶች አሉ።

እውነት ለመናገር ከምሸጠው ሁሉ ለዚህ አገር የተሠራ የሚመስለኝ በግፊት የሚያበስለው ድስት ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምረው ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ባቄላና ሽንብራ የሚፈልጉት እሱን ነው። ግን እሱን ማሳየት ሌላ ፈተና ነው። ማፏጨት ሲጀምር የፊት ረድፍ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አንዷ ልጇን አንስታ ጓዳ ትገባለች፤ ሌላዋ የአክስቷ ጎረቤት ቤት ጣራው ድረስ የተረጨውን ምስር ታወራለች። የሚያስተነፍሰው ቀዳዳ ሲደፈን፣ ከመጠን በላይ ሲሞላ ወይም እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑ ሲታገል ነው አደጋው ብዬ አስረዳለሁ። ይሰሙኛል። አይጠጉም።

አሁን ወደ ሽንኩርቱ ልምጣ፤ ዋናው ብሶቴ እዚህ ነው። ከምናሳያቸው ነገሮች ሁሉ በላይ የተለማመድነው ንግግር «ያለ ዘይት ያበስላል» የሚለው ነው። ዘይቱ በተወደደበት ዘመን ደህና ወሬ ይመስላል። ሰበታ ላይ፣ ሳሎኑ ሞልቶ፣ ሽንኩርቱን ደረቅ ድስት ላይ ጥጄ ስለ ልብ ጤንነት ሳወራ አንዲት እናት ነጠላቸውን እያጣፉ «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «ዘይቱን ታዲያ ከመጀመሪያው ማን ይጨምረዋል? ሽንኩርቱ ውሃውን ሲጨርስ አይደል እንዴ የሚገባው?» ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ! እውነታቸውን ነው። ሽንኩርትን በራሱ ውሃ ማብሰል ለፈረንጅ ታምር ይሆናል፤ እዚህ ግን እናቶቻችን በሸክላ ድስት ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

በዚህ አላበቃም። «እማማ፣ ይዩልኝ እስቲ፣ ደርሷል» ብዬ ባቀርብላቸው፣ በማንኪያ ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩና «ገና ጥሬ ነው፣ ይቁላላ» አሉ። 20 ደቂቃዬ አልቋል። ለዓይን ቢጫ የሆነ ሽንኩርት በወረቀቷ ላይ «የበሰለ» ነው፤ በእሳቸው ሚዛን ግን ገና መንገድ ጀምሯል። በርበሬውን ጨምሬ ባቀርብ ኖሮ «ጥሬ በርበሬ የሚሸት ወጥ የምታበስል» የሚል ስም ይዤ ነበር ከሰበታ የምወጣው። ሽንኩርቱ እስኪበስልላቸው ድረስ ቆየሁ። የሁለተኛዋ ቤት ቀጠሮዬ አለፈ።

ፈጣን ምግብ የለንም ማለቴ አይደለም። ሽሮ አለ። ፍርፍር አለ። ሱሉልታና ቡራዩ ላይ ደግሞ ጨጨብሳ አለ፤ ቂጣው ምግብ በማይዝ መጥበሻ ላይ ሲገለበጥ እንዴት እንደሚያምር! ፍጥነቱ ግን ከድስቱ አልመጣም። ሽሮ በሩብ ሰዓት የሚደርሰው ሽንብራው ወይም አተሩ ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ተወስዶ ስለተጠናቀቀ ነው። ቅቤው ተነጥሯል፣ በርበሬው ተደልዟል፣ እንጀራው ቀናት ቦክቷል። ጊዜው ቀድሞ ተከፍሏል፤ ጣሳው ውስጥ ተቀምጧል። እኔ መጥቼ የሌላ ሰው ወር ሙሉ ድካም ላይ ውሃ ጨምሬ «አያችሁ፣ ድስቱ ሲፈጥን!» እላለሁ። ሞኝ የለም፤ «ሽሮ ልታሳዪን ነው እንዴ ከሥራ ያስፈታሽን?» ይላሉ።

ከምንም በላይ የሚያናድደው ደግሞ የአስተናጋጇ ነገር ነው። ጎረቤቶቿን ጠርታ ባዶ ቤት መቀበል ስለማትችል ከማታ ጀምሮ ስትሠራ ታድራለች ማለት ይቻላል። ድፎው ተደፍቷል፣ አልጫው ደርሷል፣ ቆሎው ቀርቧል፣ ፈንድሻው ተበትኗል። በምን ተሠራ? ጆሮው በተሰበረ፣ ታቹ በጠቆረ አሮጌ ብረት ድስት። ሰዉ በላ፣ ጠገበ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ። የኔው ከዚያ በኋላ ይቀርባል፤ በማንኪያ ጫፍ ተነክቶ ይመለሳል። በዚያ አሮጌ ድስት ፊት ቆሜ የአዲሱን ድስት ጥቅም እዘረዝራለሁ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ሁሉም ነገር ይቆማል። ኢንዳክሽን የሚባለውን ምድጃ ተሸክሜ ቡራዩ የደረስኩ ቀን መብራት ሄዶ ነበር፤ በካርቶኑ ይዤው ተመለስኩ። «ከሰል ላይ እንጣደው» ይባላል። እዚህ ላይ ማልቀስ ያምረኛል። ምግብ የማይዘው ሽፋን ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መበላሸት ይጀምራል፤ በደንብ የተያያዘ ከሰል ይሄን ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል። «ከሰል ላይ አይጣድም» ካልኩ ግማሹ ገዢ ሄደ፤ «ይጣዳል» ካልኩ ከወር በኋላ የተላጠ መጥበሻ ይዘው ቤቴ ይመጣሉ። እሺ ብዬ ብጥድስ ምድጃው መቼ ተገኘ? ቤቱ ያለው አንድ የከሰል ምድጃ ነው፣ ጀበናው ላዩ ላይ ነው፤ በረካው ሳይቀዳ የሚለቅ የለም።

አንዳንዴ ከኛ በፊት በዚህ ሥራ የነበሩትን አስባለሁ። አሜሪካዊቷ ብራውኒ ዋይዝ የተፐርዌርን የፕላስቲክ ዕቃ ሰው ቤት እየተሰበሰቡ መሸጥን አገር አቀፍ ያደረገች ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ቢዝነስ ዊክ የተባለው መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ትርዒቷ ምን ነበር? ፈሳሽ የሞላበትን ጎድጓዳ ዕቃ ከድኖ በሳሎኑ ውስጥ መወርወር። አልፈሰሰም፤ ተሸጠ! ሽንኩርት የለ፣ ጾም የለ፣ መብራት አያስፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኩባንያው አባረራት እንጂ፣ በሥራዋስ የምታስቀና ነበረች። (ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ለኪሳራ ጥበቃ አመልክቷል፤ ደስ ብሎኝ አይደለም የማወራው።)

ወደ ራሳችን ስንመጣም በ1980ዎቹ ዓ.ም. ላቀች የከሰል ምድጃና ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ሲወጡ ማሳያው አላስቸገረም። ምርጥ ምድጃን ለማሳየት የሚያስፈልገው እንጀራ መጋገር ብቻ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ የተረፈውን እንጨት ሴትየዋ በዓይኗ ታየዋለች። አዲስ ምግብ ተማሪ፣ ሰዓትሽን አሳጥሪ፣ ቶፉ ብዪ የሚላት የለም። እኔን ግን ድስቱ ሲገርመኝ ምግቡንም አብሬ እንድሸጥ ተፈርዶብኛል።

መንገዱን ባልናገር ይሻላል። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አንድ ከተማ ሆነዋል፤ ታክሲው ግን ይሄን አልሰማም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ነው። ረዳቱ ካርቶኑን አይቶ «የዕቃ ትከፍያለሽ» ይላል፤ ካርቶኑን ጭኔ ላይ ባደርገውም ያስከፍላል።

ይሄ ሁሉ አልፎ ይሸጣል፤ አይሸጥም አልልም። የሚሸጠው ግን ባበሰልኩት ምግብ አይደለም፤ በእቁብ ነው። ሴቶቹ ተሰብስበው በየወሩ ይጥላሉ፣ ዕጣ የወጣላት ስብስቡን ትወስዳለች፣ እኔ ብሩን ልቀበል እመላለሳለሁ። ሱሉልታ ላይ አንዷ ዘንድ ለክፍያ ስሄድ ድስቶቹን አየኋቸው፤ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ላስቲካቸው ሳይቀደድ ተደርድረዋል። ጓዳ ያ ጥቁር ድስት ተጥዷል።

«ምነው እህቴ፣ አልጀመርሽባቸውም?» አልኳት።

«እንዴ፣ ይሄንን የመሰለ ዕቃ በአዘቦት ቀን? ለበዓል ነው» አለች። «የዚህን ወርም ከበዓል በኋላ እሰጥሻለሁ፤ አሁን ቁጭ በይ፣ ምሳ ደርሷል።»