ብየዳው ላይ አይሰበርም

ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ መንገድ ዳር አንድ ብየዳ ቤት አለ። ቤት ስል ቆርቆሮ ጥላ ማለቴ ነው፤ ሥራው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ነው። ባለፈው ወር አንድ አሮጌ የጭነት መኪና በክሪክ ተነስቶ፣ ድንጋይ ተደግፎለት፣ የተሰበረ ባሌስትራው ሲበየድ ደረስኩ። የጫነው አጠና አልወረደም። ማን አውርዶ ማን ይጭናል?

በያጁ የፀሐይ መነጽር አድርጓል። ረዳቱ ልጅ ያም ስለሌለው ፊቱን አዙሮ ብረቱን በግምት ይዟል። ብየዳው እንዳለቀ ልጁ በሃይላንድ ውሃ አምጥቶ የጋለው ብረት ላይ ቸለሰበት።

«ውሃው ለምንድን ነው?»

«እንዲጠነክር ነዋ፣ ጋሼ!»

አልዋሸም። የባሌስትራ ብረት ካርቦኑ ብዙ ነው፤ ፋብሪካው አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ አሙቆ ነው እየተለመጠ እንዲመለስ ያደረገው። አግለው ውሃ ሲደፉበት በእርግጥ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው ግን የብርጭቆ ነው።

ባሌስትራስ ይሁን፤ ሲሰበር መኪናው ያዘነብላል። ጎንበስ ብዬ የመሪውን ዘንግ ሳየው ነው የደነገጥኩት። ሁለት ቦታ አብጧል፤ አንዱ እብጠት ላይ ወጌሻ እንዳሰረው እግር ፌሮ ተለጥፎበታል። ያ ዘንግ የለቀቀ ቀን መሪው ሹፌሩ እጅ ይቀራል፣ ጎማው በፈቃዱ ይሄዳል።

«ኧረ ይሄ ነገር አያሰጋም?» አልኩት ሹፌሩን።

«ከፋብሪካው ይበልጣል። ደግሞ ቦሎ አለው» ብሎ መስታወቱን ጠቆመኝ። እውነት ነው፣ አለው። እብጠቱም ቀለም ተቀብቷል።

እኛ በሚያደርሱት አደጋ የተነሳ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብለን ስም ስናወጣ ኖረናል። ለብየዳው ግን እስካሁን ማንም ስም አላወጣለትም።

በያጁ ነገሩ ከነከነው መሰል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። «ሌላ ቦታ ይሰበር ይሆናል እንጂ እኔ የበየድኩት ላይ አይሰበርም!»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። በቤተክርስቲያኑ በር ሲያልፍ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ አማተበ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው መኪና እዚያው ቦታ ቆሞ አገኘሁት። ባሌስትራው ከብየዳው አንድ ጣት ፈቀቅ ብሎ ለሁለት ተከፍሏል። በያጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ ና እይ! ብየዳዬ ተነክቷል?»

ልጁ ሃይላንዱን ይዞ ውሃ ሊቀዳ እየሄደ ነበር።